ስምንት ጠርሙስና አንድ የስፌት መኪና



በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ሒሳብ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ አሠራር፣ አንዳንዴም ስለ ግቢያችን ንጽሕና ስጽፍ ታውቁኛላችሁ። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ራሴ ነው። ጡረታ የሚወጣ መምህር የተዋሰውን መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍት፣ የተረከበውን ቁልፍ ለንብረት ክፍል ይመልሳል። እኔ ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ የምመልሰው አንድ ዕዳ አለብኝ። ዕዳው የገንዘብ ይመስላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡትና እናንተው ፍረዱ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር እንዲህ ነው። ባለፈው ወር መጀመሪያ ላይ፣ ቅዳሜ ማታ፣ በከተማው ውስጥ ሳልፍ ከሠልጣኞቻችን አምስት የሚሆኑት ከአንድ አረቄ ቤት እየተሳሳቁ ሲወጡ አየኋቸው። አንዱ «ዛሬ ሒሳቡ የኔ ነው!» ይላል። ሰላም ብዬ አለፍኩ፤ አልተቆጣሁም። ነገር ግን ወሩ ሊያልቅ ሲል ያው «ሒሳቡ የኔ ነው» ያለው ልጅ የሞጁል ፎቶ ኮፒ ማንሻ አጥቶ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። ዓይኑን መሬት መሬት ሲያይ፣ ያ አስተያየት የት እንደማውቀው ትዝ አለኝ። የራሴ ነው።

የተወለድኩት ገሳይ ነው። ለማታውቋት፣ ገሳይ ከደብረ ታቦር ወደ ክምር ድንጋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የጉና ብርድ በቀጥታ የሚያርፍባት፣ ገብስና ድንች የማይጠፋባት ትንሽ ከተማ ናት። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ እናታችን ጠላ እየጠመቀች፣ አረቄ እያወጣች አሳደገችን። ታላቅ እህቴ፣ እታለም የምላት፣ ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ትምህርቷን አቋረጠች። ሁለታችንንም ለማስተማር አቅም አልነበረም፤ «ወንዱ ይማር» ተባለ፤ እኔም ተማርኩ።

የቤታችንን ሒሳብ የምትይዘው እታለም ነበረች። በጭቃ በተመረገው ግድግዳችን ላይ እያንዳንዱ የዱቤ ደንበኛ የራሱ ቦታ ነበረው። ስም አይጻፍም፤ እሷ ግን ማን የት እንዳለ ታውቃለች። ለአንድ መለኪያ አረቄ አንድ የከሰል ጭረት ታሰምራለች። አራት ጭረት በቁም፣ አምስተኛው በአግድም። አምስተኛው ከተሰመረ በኋላ ሰውዬው የቀበሌ ሊቀ መንበር ይሁን መምህር፣ እስኪከፍል ድረስ አንድ ጠብታ አይቀዳለትም። ሲለምናት፣ ሲቆጣት፣ ሲያባብላት፣ መልሷ አንድ ነው፤ «ምን ላድርግ፣ ግድግዳው እምቢ አለኝ።» ሰውም ሳቅ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስትሰድበው አልሰማም፤ ስታዋርደው አላየሁም። ደብተሬና እርሳሴ፣ ደብረ ታቦር ወጥቼ ስማር የተከራየኋት ክፍል፣ ሁሉም የተከፈለው ከዚያ ግድግዳ ነው። ሌላው ሲጠጣ እኔ ተማርኩ ማለት ይቻላል።

በ1976 ማትሪክ አለፍኩና ለሶቪየት ኅብረት የነፃ ትምህርት ዕድል ተመረጥኩ። ያን ጊዜ ከየክፍለ ሀገሩ ብዙ ወጣት ወደ ሶሻሊስት አገሮች ለትምህርት ይሄድ ነበር። በመስከረም 1977 ስነሣ እታለም ቻይናዎች በሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ዳር ቆማ አውቶቡስ እስኪመጣ ሸኘችኝ። «ምን ላምጣልሽ?» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «የልብስ ስፌት መኪና፤ በእጅ የምትዞረዋን። ከዚህ ጢስ ትገላግለኛለች» አለች። አረቄ ሲወጣ እሳቱ ቀኑን ሙሉ ስለሚነድ ዓይኗ ያን ጊዜም ይቀላ ነበር። «የመጀመሪያ ሥራዬ ነው» ብዬ ማልኩላት።

የደረሰኝ ከተማ ቮሮኔዥ ነው፤ ከሞስኮ ወደ ደቡብ በባቡር አንድ ሌሊት ያህል ይወስዳል። የመጀመሪያውን ዓመት ቋንቋ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አምስት ዓመት ሒሳብ ተማርኩ። አበሌ በወር 90 ሩብል ነበር፤ የአገሬው ተማሪ ግን የሚያገኘው ከዚህ ግማሽ እንኳ አይሞላም። እስቲ አብረን እናስላ። የመኝታ ቤት ክፍያ ከቁጥር አይገባም። በተማሪዎች ምግብ ቤት በቀን አንድ ሩብል ተኩል ካወጣሁ በወር 45 ሩብል። የከተማ አውቶቡስ 5 ኮፔክ ነው፤ መጓጓዣ፣ ሳሙና፣ ቴምብርና ደብተር አንድ ላይ 15 ሩብል ይሁን። ጠቅላላ 60። ስለዚህ በየወሩ 30 ሩብል ይተርፈኛል ማለት ነው። በሱቅ መስኮት ያየኋት በእጅ የምትዞር የስፌት መኪና 70 ሩብል ገደማ ነበረች። የሦስት ወር ትርፍ ይገዛታል፤ ለመልስም ይተርፋል። እኔም የቆየሁት ስድስት ዓመት ነው።

ታዲያ የት ሄደ? ሙዚቃና ጭፈራ ባለበት ምግብ ቤት አንድ ቅዳሜ ማታ 10 ሩብል ይጨርሳል። በወር አራት ቅዳሜ አለ። ከ30 ላይ 40 ሲቀነስ ምን እንደሚመጣ የሒሳብ ተማሪ የነበርኩት ሰውዬ አሳምሬ አውቃለሁ። ለጥናት ጓደኞቼ ከባድ ከባድ ስሌት እየፈታሁ፣ ወሩ በገባ በሃያኛው ቀን ግን ለዳቦ 3 ሩብል እበደር ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በትንሹ ነው። በበጋ በየመንገዱ ጥግ ቢጫ ቦቴ ይቆምና ክቫስ የሚሉትን መጠጥ ይሸጣል፤ ከጥቁር ዳቦ የሚጠመቅ፣ ብቻ ጌሾ የሌለበት ጠላ በሉት። ትልቁ ብርጭቆ 6 ኮፔክ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀምሰው የእናቴ ቤት ሸተተኝና ሦስት ብርጭቆ ጠጣሁ። ይህ ማንንም አይጎዳም። ክረምቱ ሲገባ ግን ጓደኞቼ «በዚህ ብርድ ያለ ቮድካ ይኖራል እንዴ?» አሉኝ። እኔ የገሳይ ልጅ፣ በባዶ እግሬ ውርጭ ረግጬ ያደግሁ፣ ብርድ ፈራሁና ተስማማሁ! አሁን እንደማውቀው ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መጠጥ በቆዳችን ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ስለዚህ ሙቀት ይሰማናል እንጂ ሰውነታችን ሙቀቱን ይበልጥ እያፈሰሰ ነው። ደብረ ታቦር ላይም «ብርዱ ነው» የምትሉ አላችሁና ልብ በሉ።

ከብርዱ ይልቅ የጣለኝ ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ግብዣ ነው። አንዱ ዛሬ ከጋበዘ ሌላው ነገ መመለስ አለበት፤ ያልመለሰ «ቋጣሪ» ይባላል። አምስት ሆነን ከወጣን የእኔን አንድ ብርጭቆ ለመጠጣት የሌሎቹን አራት መክፈል አለብኝ፤ የሌሎቹንም ግብዣ ለመቀበል አራት ተጨማሪ መጠጣት አለብኝ። ማንም ሳይፈልገው ሁሉም አምስት አምስት ይጠጣል። ሁለተኛው ደግሞ የሰው አገር ገንዘብ ገንዘብ አለመምሰሉ ነው። «ይሄ ሩብል እንደሆነ አገር ቤት አይላክ፣ አይመነዘር፤ እዚሁ ይለቅ» እንባባል ነበር። እውነት ነው፤ ሩብሉ ወደ አገር ቤት አይሄድም። ነገር ግን የስፌት መኪና ይሄዳል። ካሜራና ሳሞቫር ይዘው የተመለሱ ስንትና ስንት ልጆች ነበሩ። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ማወቅ ስላልፈለግሁ ነው።

በየካቲት 1977 ከእታለም ደብዳቤ መጣ። ያ ዓመት ምን ዓመት እንደነበረ ታላላቆቻችሁ ይነግሯችኋል። ወሎና ትግራይን የፈጀው ረኃብ በእኛም በኩል ጋይንትንና አካባቢውን አድርቆ ነበር። ደብዳቤዋ አጭር ነበር። ሁላችንም ደህና ነን ካለች በኋላ «ጠላ መጥመቅ ትተናል፤ ጌሾው አለ፣ እህሉን ግን እየበላነው ነው» ትላለች። ከሥሩ «አንተ በርታ» ብላ ጨርሳለች። ስለ መኪናዋ አንድ ቃል የለም። እዚያው አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጓደኞቼ አዘኑልኝ፤ ሊያጽናኑኝ ብለው ጠርሙስ ገዙ። እኔም ጠጣሁ። እናቴ ለጥመቃ የሚሆን እህል ባጣችበት ሳምንት፣ ስለ እሷ አዝኜ ሰከርኩ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ሌሊት የምጽፈው የለኝም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሌላ ነገር መጣ። መጋቢት ላይ ሥልጣን የያዘው ጎርባቾቭ በመጠጥ ላይ ዘመቻ አወጀ። መጠጥ የሚሸጠው ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ብቻ ሆነ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላው መሸጥ ተከለከለ፤ ብዙ ሱቆች ተዘጉ። ሕዝቡም «ጄኔራል ሴክሬታር» የሚለውን ማዕረጉን ወደ «ሚኔራል ሴክሬታር» ለወጠው፤ የአምቦ ውኃ ጸሐፊ እንደማለት ነው። እኔ እንኳ «አሁን ተገላገልኩ፤ መንግሥት ራሱ ቆጥቦ ይሰጠኛል» ብዬ ነበር። ምን ያደርጋል! እኔ ስደርስ 4 ሩብል ከ70 ኮፔክ የነበረው ርካሹ ጠርሙስ በ1978 ክረምት 9 ሩብል ከ10 ኮፔክ ገባ። ስምንት ሰዓት ላይ ሰልፍ ለመያዝ ከሰዓት በኋላ ያለውን ትምህርት የሚተው ተማሪ በዛ፤ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሌሊት ደግሞ የታክሲ ነጂዎች ከመቀመጫቸው ሥር አውጥተው በእጥፍ ይሸጡልን ነበር። በየቤቱ ሳማጎን የሚባል የእነሱ አረቄ መውጣት ጀመረና ስኳር ከሱቅ ጠፋ። በሞልዳቪያና በክሪሚያ ስንት ዘመን የለማ የወይን ተክል ተነቀለ። መንግሥትም ከመጠጥ ያገኝ የነበረው ገቢ ጎደለበት፤ ዘመቻው ጥቂት ዓመት ቆይቶ ላላ። ይህን የማነሣው እናንተን ለማስተማር ለምትሰለጥኑት ሙያ ይጠቅማል ብዬ ነው፤ ክልከላ ብቻውን ሰውን ቆጣቢ አያደርግም። የእታለም ግድግዳ ግን ያደርግ ነበር። ልዩነቱን አስቡት። እሷ «አትጠጣ» ብላ አታውቅም፤ «ስንት እንደጠጣህ እይ» ነው የምትለው።

በ1982 ክረምት ትምህርቴን ጨርሼ ተመለስኩ። በሻንጣዬ ውስጥ መጻሕፍት፣ ዲፕሎማና አንድ ያረጀ ካፖርት ነበር። አካባቢያችን የጦርነት ቀጠና ስለነበር ወደ ገሳይ መሄድ አልቻልኩም፤ አዲስ አበባ ቆየሁ። ቤተሰቦቼን ያየሁት ጦርነቱ አብቅቶ መንገድ ሲከፈት፣ በ1983 ክረምት ነው። እናቴ አቅፋኝ ስታለቅስ እታለም ከኋላዋ ቆማ ነበር። ዓይኗ አንድ ጊዜ ወደ ሻንጣዬ ሄዶ ተመለሰ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔም ሳልጠየቅ «መኪናዋን ገዝቼልሽ ነበር፤ በመርከብ አስጭኛት አሰብ ላይ በጦርነቱ ጠፋች» አልኳት። ውሸቱ ከአፌ እንዴት እንደ ቀለለ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። «ምን ይደረግ፣ አንተ መምጣትህ ይበልጣል» አለችና ቡና ልታፈላ ገባች።

ከዚያ ወዲህ እዚሁ አጠገቧ እያለሁ ገሳይ ሄጄ ማደር አላዘወትርም ነበር። ሥራ በዛ፣ ፈተና አለ፣ እርማት አለ እላለሁ። በ1988 እቁብ ሲወጣላት መኪናዋን ትገዛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ለልጆቿ ትምህርት ቤት አዋለችው። አረቄ ማውጣቷንም ቀጠለች። በየጊዜው ገንዘብ እሰጣታለሁ፤ ልብስ እገዛላታለሁ። ነገር ግን የስፌት መኪና ልግዛልሽ ማለት አልቻልኩም፤ ስሟን ማንሣት ፈራሁ።

ባለፈው ዓመት፣ በ2017 ፋሲካ፣ ጡረታዬ ሲቃረብ፣ ሄጄ ነገርኳት። ቡና እየቆላች ነበር።

«እታለም፣ ያቺ መኪና አሰብ ላይ አልጠፋችም። ጭራሽ አልተገዛችም። ጠጥቻታለሁ።»

ብረት ምጣዱን ማወዛወዟን አላቆመችም። «አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት? ማን ነገረሽ?»

«እንዴ! ስንት ዘመን ለዱቤ ጠጪ ቀድቻለሁ? ሲዋሽ ዓይኑን የት እንደሚጥል አላውቅም?» ቡናውን ወደ ሙቀጫው ገልብጣ ደግሞ ጠየቀችኝ። «ስንት ነበረች ዋጋዋ?»

«በጠርሙስ ከቆጠርናት ስምንት ጠርሙስ።»

«ስምንት!» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። «ለስምንት ጠርሙስ ነው ሠላሳ አራት ዓመት ስትሸሸኝ የኖርከው? ያኔውኑ ብትነግረኝ ስምንት ጭረት አሰምርብህ፣ ቀስ እያልክ በከፈልከኝ ነበር።»

አሁን ልግዛልሽ አልኳት። ሳቀች። «አሁንማ መርፌውን ማን ክር ያስገባልኛል?» አለች። ዓይኗ ደክሟል። ዓይኗን ያደከመው ጢሱ ይሁን ዕድሜ ሐኪም ይወቀው፤ እኔ ግን የራሴን ግምት ይዣለሁ።

እንግዲህ ሠልጣኞች፣ አትጠጡ ብዬ ልስበክላችሁ አልመጣሁም፤ ያደግሁት በአረቄ ገንዘብ ነውና አያምርብኝም። ስትጠጡ ግን ሒሳብ እወቁ ነው የምለው። ዛሬ ደብረ ታቦር ያላችሁት ነገ ዕድል ቀንቷችሁ ቻይና ወይም ህንድ ለትምህርት ልትሄዱ ትችላላችሁ፤ ገንዘቡ ስሙ ይለወጣል እንጂ ስሌቱ ያው ነው።

እኔ በዚያ ዕድሜዬ ላድርገው ይገባኝ የነበረውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ፣ ገንዘብ በእጃችሁ በገባ ቀን ክፈሉት፤ የምግቡን፣ የትምህርቱን፣ የቤት አደራውን ለይታችሁ የመዝናኛውን መጨረሻ ላይ አስቀምጡ። እኔ ግን ጠጥቼ የተረፈውን እቆጥባለሁ እል ነበር፤ የተረፈ ቀን ግን አልነበረም። ሁለተኛ፣ ማታ ስትወጡ ለዚያ ማታ የወሰናችሁትን ብቻ ያዙ፤ የቀረው መኝታ ቤት ይደር። የሰከረ ሰው ኪሱን አይቶ እንጂ ዕቅዱን አይቶ አይከፍልም። ሦስተኛ፣ በዱቤና በብድር አትጠጡ። ትናንት የጠጡትን ዛሬ መክፈል ሁለት ጊዜ ራስ ምታት ነው። አራተኛ፣ ጓደኛሞች ስትሆኑ በግብዣ ፈንታ እያንዳንዱ የራሱን ይክፈል ተባባሉ። መጀመሪያ ያሳፍራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ያመሰግናችኋል፤ ምክንያቱም ሁሉም ፈርቶ እንጂ ወድዶ አልነበረም።

አምስተኛውና ዋናው፣ ዋጋውን በቤታችሁ ነገር መንዝሩት። አባትህ የላከልህ ብር የስንት ጆንያ ድንች ነው? ድንቹን ከማሳ እስከ ገበያ ማን ተሸከመው? እናትሽ የላከችልሽ የስንት ዶሮ፣ የስንት እንቁላል ነው? አንድ ማታ የሚያስወጣችሁን በዚያ ቁጠሩት። ከቆጠራችሁት በኋላ መጠጣት ከፈለጋችሁ ጠጡ፤ ቢያንስ ምን እየጠጣችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔ ቮድካ የጠጣሁ መስሎኝ ነበር።

ጓደኛ ሲያስቸግራችሁስ ምን ትላላችሁ? ረጅም ምክንያት አትደርድሩ፤ ውሸትም አትፍጠሩ። መልሱን ከእታለም ተውሼ እሰጣችኋለሁ። ሳቅ ብላችሁ «ግድግዳው እምቢ አለኝ» በሉ። የትኛው ግድግዳ ቢሏችሁ ወደዚህ አምጥታችሁ አስነብቧቸው።

ያ የፎቶ ኮፒ ልጅ ይህን ካነበበ፣ የሰጠሁህን ገንዘብ ቀስ ብለህ መልስ፤ ብታጣ ደግሞ መጥተህ አጣሁ በለኝ። አትሽሸኝ።

መልካም የትምህርት ጊዜ ይሁንላችሁ።

ከሒሳብ ትምህርት ክፍል፣ ተሰናባች መምህራችሁ